የአባ ገለባ አካሄድ

እኔ ፊልም የሚባል ነገር ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጅማ፣ መርካቶ፣ ከጨርቅ ተራው ጫፍ የእግር መኪናዬን ይዤ ቁጭ ያልኩ ሴት ነኝ። ይሁንና አምና የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጥተው የፊልማቸው ጭራቅ በሰው ይሠራ ወይስ በኮምፒውተር ብለው ሲጨቃጨቁ፣ ከሁሉም በላይ አፌን ሞልቼ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። በሰው ይሠራ አልኩ። ጨርቅ ለብሶ፣ ላብ እያጠመቀው፣ መሬት ረግጦ የሚሄድ ሰው ይሁን አልኩ። ዳይሬክተሯ መቅደላዊት ሰማችኝና ጥበብ የገባት ሴት አገኘሁ ብላ ደስ አላት። ምንም አልገባኝም ነበር። እኔ የፈለግኩት ባሌ እንዳያውቅ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ፋሂም ኮምፒውተር ተማሪ ነበር። ከጓደኛው ከሊዮል ጋር ሆኖ በስልክ የሚጫወቱት የሚያስፈራ ጌም ሠራ። ሊዮል ከደሴ መጥቶ ጅማ የተማረ ልጅ ነው፤ ቤታችን የበላ፣ ቤታችን ያደረ፣ እኔን ማዘር የሚለኝ። በጌሙ ውስጥ አንዲት ልጅ አሮጌ ቡና መቀሸሪያ ውስጥ፣ ቡና በማሽን ከገለባው በሚለይበት ቤት፣ በሩ ተቆልፎባት ትቀራለች። ከማሽኑ ኋላ ከተከመረው የቡና ገለባ ውስጥ አንድ ነገር ይነሳል። አባ ገለባ ይሉታል። አባ ገለባ አይሮጥም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ትንፋሹ ሲቀርብ የተደበቀችው ልጅ የራሷን ትንፋሽ መያዝ አለባት፤ ካልያዘች አለቀላት። ይህን ጌም ያልተጫወተ ወጣት የለም ይላሉ። የሰው ልጅ በገዛ ፈቃዱ ለምን ፍርሃት እንደሚፈልግ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እኛ ሳንፈልገው ይመጣልናል።

የጌሙ ስም መነሳት ሲጀምር ፋሂምን አዲስ አበባ ድረስ መጥተህ አሳየን አሉት። የተሳፈረበት ሚኒባስ አሰንዳቦን ሳያልፍ ተገለበጠ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልናገርም።

የለቅሶው ሰደቃ ዕለት ሊዮል አጠገቤ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እስቲ የሠራችሁትን አሳየኝ አልኩት። እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። ስልኩን ሰጠኝ። ጨለማ ነው፣ ጆንያ ነው፣ የቆመ ማሽን ነው። ከዚያ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ጫፉ ላይ ፉጨት ያለበት ትንፋሽ። ቀጥሎ አካሄዱ መጣ። ቀኝ እግሩ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ግራ እጁ ጭኑን ይይዛል፣ ግራ እግሩ ይጎተታል፣ ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

ይህ የቲጃኒ አካሄድ ነው። የባሌ፣ የልጁ የራሱ አባት።

ቲጃኒ ዕድሜውን ሙሉ ቡና መቀሸሪያ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ቡናው ከገለባው ሲለይ የሚነሳው ብናኝ ሳንባውን በላው። ግራ እግሩን ደግሞ የተደረመሰ የጆንያ ክምር ሰበረው፤ ወጌሻ አሽቶት ዳነ ቢባልም እንደነበረ አልሆነም። ከሥራ ሲመለስ ገና በሩን ሳይነካ፣ ከአጥሩ ውጭ በኮቴውና በትንፋሹ አውቀዋለሁ። ለእኔ ያ ድምፅ ራት ማቅረቢያ ነው። ለልጄ ምን እንደነበረ ያን ቀን አወቅኩ።

ክፉ አባት አልነበረም። ቁጡ ነበር እንጂ። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም ውሎ ሲገባ ልጁ ፊቱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀብሮ ያገኘዋል፤ ሰላምታ የለ፣ ቀና ማለት የለ። ይጮህበታል። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን የልጁ ጣት እላዩ ላይ እንዳለ ድርግም አድርጎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወሬ ሁሉ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ አባትህ እንዲህ ይላል፣ ልጅህ እንዲህ ይላል፣ ይኸው ነው ኑሯችን። ፋሂም ሲሞትም እንደዚያው ነበሩ።

ቲጃኒ ጌሙን አይቶት አያውቅም። ዓይኔ ስልክ አያይልኝም ይላል፤ እውነቱ ግን አንጀቱ አይችልም። ሰው ሲመጣ "ልጄ የሠራው" እያለ ያወራል፣ ስሙን ሲጠራው ፊቱ ይበራል። ታዲያ ልጁ እሱን አይቶ አይቶ፣ መጨረሻ ላይ ጭራቅ አድርጎ እንደሠራው ቢያውቅስ? ልጁን አንዴ ቀብሮታል። ሁለተኛ አይቀብረውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ፊልሙ የመጣው ይህን ምስጢር አፌ ውስጥ ይዤ ስኖር ነው። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ጌሙን ገዛና ፊልም ሊያደርገው ተነሳ። ቲጃኒ ደስታውን አልቻለውም። ፋሂም ይሠራበት የነበረውን ኮምፒውተር በፎጣ ጠቅልሎ በገዛ እጁ አስረከባቸው። ዳይሬክተሯ መቅደላዊት ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ልጅ ነች። የኮምፒውተር ምስሉን እንዲሠራ ሊዮልን ቀጠሩት። ጅሬን ሰፈር ያለው ግቢያችን መጥተው፣ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ክርክራቸውን ጀመሩ፤ እኔም ልብስ እየተኮስኩ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

መቅደላዊት ጭራቁን በቁሙ ሠርተን ሰው እናልብሰው ነው የምትለው። ከጌም የተሠሩ የሚያስፈሩ ፊልሞችን እየጠቀሰች፣ አብዛኞቹን የገደላቸው ኮምፒውተር ነው አለች። ተዋናይዋ ባዶ ግድግዳ እያየች ጭራቅ መጣብሽ ትባላለች፤ ትጮሃለች፣ ግን ዓይኗ ውስጥ ምንም የለም። አጠገቧ የሚተነፍስ ነገር ካለ ግን ጩኸቱ ራሱ ይመጣል፣ ብናኙም ብርሃኑም እላዩ ላይ ያርፋል። ሊዮል ደግሞ የሚፈራው ተመልካቹን ነው። ይህን ጌም ሕዝቡ በቃሉ ያውቀዋል፤ የጭራቅ ልብስ የለበሰ ሰው ሲንገዳገድ ካየ ይስቅብናል አለ። ከዚያ ጆሮዬን ጭው ያደረገውን ነገር ተናገረ።

"የፋሂምን እንቅስቃሴ እንዳለ ከጌሙ አውጥቼ ነው የማስገባው። አንዲት እርምጃ አትቀየርም" አለ።

በትልቅ ስክሪን፣ ጅማ አዳራሽ ውስጥ፣ የቲጃኒ እግር፣ የቲጃኒ ትንፋሽ። ካውያውን አስቀመጥኩና መሃላቸው ገባሁ።

"ማሎ፣ እባካችሁ፣ እኔ ልስፋላችሁ" አልኳቸው። "ጆንያ ሞልቷል፣ ገለባ ሞልቷል። ሰው የሚለብሰው ነገር ለእኔ ተዉት። ኤጋ እንግዲህ፣ ከእንጨትና ከጨርቅ የሚሻል ኮምፒውተር ከየት መጣ?"

ሊዮል ሳቀ። መቅደላዊት ግን አልሳቀችም፤ ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። በአንድ ቀን የፊልም ሰው ሆንኩ።

ልብሱን የሰፋሁት ከቃጫ ጆንያ ነው። በላዩ ላይ ኮላ እየቀባሁ ገለባውን በእፍኝ በእፍኝ አለበስኩት፤ ሲደርቅ ሌላ ድርብ፣ እንደገና ሌላ። የማደርቀው ባሌ ይሠራበት በነበረው መቀሸሪያ ግቢ፣ የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ነው። ቀትር ላይ ፀሐዩ እንዳይሰነጥቀው ልክ እንደ ቡናው ሸራ አለብሰዋለሁ፣ ደመና ሲመጣ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ፈድሊያ ሰው አስጥታለች እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። ሆን ብዬ ከባድ አደረግኩት። የለበሰው ሰው እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ፣ የማንንም አካሄድ እንዳይሄድ።

ፊት አልሠራሁለትም። መቅደላዊት ዓይኑስ ስትለኝ፣ ዓይን ያለው ነገር በእጄ አልሠራም አልኳት፤ የቂያማ ቀን በይ ነፍስ ዝሪበት ስባል ምን እመልሳለሁ? ሃይማኖቴ ነው፣ አልዋሸሁም። ግን ደግሞ ፊት የሌለው ነገር ማንንም አይመስልም፤ ይኼንንም አስቤዋለሁ። እሷ ወደደችው። ከላይ እስከ ታች ገለባ ብቻ የሆነ ነገር ከየትኛውም ጥርስ ይበልጥ ያስፈራል አለች።

እንዲለብሰው የተመረጠው ነጋሳ የሚባል የቲያትር ተማሪ ነው፤ ቁመቱ ያማረ፣ ወዙ የሞላ ልጅ። መጀመሪያ ቀን ለብሶ ሲራመድ ሙሽራ መሰለ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ሊዮል ስልኩን እያሳየ እንዲህ ጎትት፣ እዚህ ጋ ቁም፣ እጅህን እዚህ አድርግ እያለ ቢያሠለጥነው፣ እሾህ የወጋው ሰው ከመምሰል አላለፈም። እነሱ በተናደዱ ቁጥር እኔ ውስጤ እየሳቀ አይዞህ ጎበዝ ነህ እለዋለሁ።

ቀረጻው የተያዘው አጋሮ መንገድ ላይ ባለ፣ ሥራ ባቆመ አሮጌ መቀሸሪያ ውስጥ ነው። ማሽኑን ማስነሳት የሚችል ሰው ሲፈልጉ ቲጃኒ እኔ አለሁ ብሎ መጣ። ቅር አላለኝም፤ ጭራቁ ነጋሳ ነው፣ ነጋሳ ደግሞ ሙሽራ ነው፣ ምን እፈራለሁ? ቲጃኒ ማሽኑን አስነሳ። የከረመው ብናኝ ሁሉ አየሩን ሞላው። ነጋሳ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ጥቂት እንደሄደ ማሳል ጀመረ፣ ቀጥሎ ተንበረከከ። ከልብሱ ስናወጣው ፊቱ አብጧል፣ ዓይኑ ተደፍኗል። በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ወሰዱት።

መቅደላዊት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆየችና ለሊዮል፣ በቃ አሸነፍከኝ፣ በኮምፒውተር እንሥራው አለችው። ያን ሁሉ የሰፋሁት፣ ያን ሁሉ የደከምኩት ለዚህ አልነበረም። ምን ብዬ እንደማስቀራቸው ሳሰላስል ከወዲያኛው ጫፍ ማሽኑ ጠፋና ጸጥ አለ።

ከዚያ ቲጃኒ መጣ። ለታመመው ልጅ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መወሰዱን አላወቀም። ጣሪያው ከተቀደደበት የገባው ብርሃን ብናኙ ላይ ቆሟል። በብናኙ ውስጥ መጀመሪያ ትንፋሹ ተሰማ፣ ቀጥሎ ትከሻው ታየ። ቀኝ እግር፣ መቆም፣ እጅ ወደ ጭን፣ መጎተት። ዩምና የምትባለው ተዋናይ ሳታውቀው ወደ ኋላዋ ሄዳ ከግድግዳው ተላተመች። ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን አወረደ። ሊዮል አፉን በእጁ ያዘ። ሁሉም አዩት። እኔ ደግሞ እነሱ ሲያዩት አየኋቸው።

"ምነው፣ ልጁ ባሰበት?" አለ ቲጃኒ።

መቅደላዊት ተነስታ እጁን ያዘች። ጋሼ፣ እርስዎ ይልበሱልኝ ብላ ለመነችው። ለምን እሱ እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሷም የገባት እርምጃው መመሳሰሉ ብቻ ነው፣ ሌላውን አላሰበችም። እኔ ዘልዬ ሳንባው አይችልም፣ ሐኪም ከልክሎታል፣ ገድላችሁ ልትሰጡኝ ነው ወይ አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ የተናገርኩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው።

"ተይ ፈድሊያ" አለኝ። "እኔ ገለባ ውስጥ ነው ያረጀሁት፣ ገለባ አዲስ አይሆንብኝም። የልጄ ሥራ ነው። ቃሬዛውን ከመሸከም ሌላ ምን አደረግኩለት?"

ሊዮልን ጎትቼ ወደ ውጭ አወጣሁትና፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ በኮምፒውተር ሥራው፣ እንደ ፈለግክ አድርገህ ሥራው፣ ብቻ ይህን ሰው ያን ልብስ አታልብሱት አልኩት። ሊዮል ያለቅሳል። ከየት አመጣኸው ብሎ ፋሂምን በጠየቀው ቁጥር "ከቤት ነው" ይለው እንደነበር፣ እሱ ደግሞ ቀልድ ይመስለው እንደነበር ነገረኝ። ስንት ቀን አብሬያቸው በላሁ፣ አንድ ቀን የጋሼን አረማመድ ልብ ብዬ አላየሁም አለኝ። ተመልሰን ስንገባ ቲጃኒ ልብሱን ለብሶ ጨርሷል። በልኩ የሰፋሁለት ይመስል ነበር።

ቀረጹት። ዩምና ከማሽኑ ኋላ ተደብቃ፣ እሱ ቀስ እያለ በአጠገቧ አለፈ። ትንፋሿን ያዘች፤ እንባዋ ግን ሳትታዘዝ ወረደ። ሲያበቃ ሁሉም አጨበጨበ። መቅደላዊት ደስታ አእምሮዋን ነስቷት እየሮጠች ሄደችና፣ ጋሼ ቁርጥ ጌሙን ነው፣ አንዲት እርምጃ አልተለየም፣ ማን አሳየዎት አለችው።

ቲጃኒ የጭንቅላቱን ልብስ አወለቀ። ፊቱ ላይ ገለባ ተጣብቋል።

"ማንም አላሳየኝም። እንደ ልማዴ ነው የሄድኩት" አለ። ከዚያ ወደ ሊዮል ዞሮ፣ እስቲ አምጣው አለው።

ሊዮል እኔን አየኝ። ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ቲጃኒ ስልኩን ክንዱን ዘርግቶ ራቅ አድርጎ ያዘውና አየ። ጨርሶ እንደገና አየ። ከስልኩ የሚወጣው ትንፋሽና የራሱ ትንፋሽ እየተቀባበሉ ይሰማሉ። እኔ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

"ይኼ እኔ ነኝ" አለ።

ወደ እኔ መጣ፤ ያንኑ አመጣጥ። አጠገቤ ተቀመጠ።

"ይፈራኝ ነበር?" አለኝ።

ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። "አዎ" አልኩት። "ይፈራህ ነበር።"

ስልኩን እንደገና ከፈተና በጣቱ አሳየኝ።

"እይው፣ የቱን እጄን ጭኔ ላይ እንደማደርግ ያውቃል። ከመጎተቴ በፊት እንደምቆምም ያውቃል፤ እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። ፈድሊያ፣ እኔ ስገባ ይኼ ልጅ አንድ ቀን ቀና ብሎ አይቶኝ የማያውቅ ይመስለኝ ነበር። ስቃጠል የነበርኩት በዚያ ነው።" ሳሉ አቋረጠውና ቆይቶ ጨረሰው። "ይፍራኝ። ግድ የለም ይፍራኝ። ያየኝ ነበር።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ልጄ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደረቴ እስኪለቀቅ አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቲጃኒ ሌላ ሰው ሆነ። በየጠዋቱ ከእኔ ቀድሞ ይነሳና ለቀረጻው ይዘጋጃል። ትንፋሹን በመሣሪያ ሲቀዱት አንገቱን አቅንቶ እንደ አዛን አድራጊ ቆሞ ተነፈሰላቸው። መስጊድ ሲወጣ፣ መርካቶ ሲሻገር፣ ያገኘውን ሁሉ አባ ገለባ ማለት እኔ ነኝ ይላል። ልጄ የሠራው በቁሜ እኔን ነው ይላል። የመቀሸሪያ ጓደኛው ሸምሰዲን ጭራቅ ሆኖ የኮራ ሰው ያየሁት አንተን ነው እያለ ያሾፍበታል፣ እሱም ይስቃል። ፋሂም ከሄደ ወዲህ የልጁን ስም እያነሳ ሲስቅ ያየሁት በእነዚያ ወራት ብቻ ነው። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ለምን እንደደበቅኩበት ገርሞኝ፣ ጅል ነሽ ፈድሊያ እላለሁ።

ቀረጻው አለቀና ሄዱ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሱቄ ተቀምጬ ሊዮል ደወለ። ጋሼ አጠገብሽ ናቸው ወይ አለኝ። የለም ስለው ነገሩን ዘረገፈው።

የፊልሙ ባለቤቶች የተቀረጸውን አይተው ፊት የሌለው ጭራቅ ማስታወቂያ ላይ ምን ብለን እንለጥፈዋለን አሉ። ፊት በኮምፒውተር ተሠራለት። ከዚያ ሰው ሰብስበው ሲያሳዩ ተመልካቹ አልፈራም፤ አዘነ። አንዳንዱ ለአባ ገለባ አልቅሶ ወጣ። ጭራቅ አያሳዝንም አሉ ባለቤቶቹ። መቅደላዊት ብትከራከር ብትከራከር ከሥራው አስወጧት። ቲጃኒን ከየትዕይንቱ አጥፍተው በቦታው ሌላ፣ የሚሮጥ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ እንቅስቃሴ ገዝተው አስገቡ። አጥፋ የተባለው ደግሞ ሊዮል ራሱ ነው።

"ማዘር፣ እኔ ባልሠራው ሌላ ሰው ይሠራው ነበር" አለኝ።

እንደዚያ ነው የሚባለው፤ ሌላ ምን ይላል? ጌሙስ አልኩት። ጌሙም የእነሱ ነው፤ ገዝተውታል። ፊልሙን እንዲመስል አድሰውታል፤ በየሰው ስልክ ላይ ያለውም ራሱን ቀይሯል፣ የሊዮልም ጭምር። የፋሂም ኮምፒውተር እነሱ ዘንድ ነው፤ ቢጠይቅ የለም ብለውታል።

ስልኩን ዘጋሁ። የያዝኩትን ቀሚስ እጅጌ በተገላቢጦሽ ሰፍቼው ነበር፣ ፈታሁት። ዓይን አልሠራም ያልኩት ትዝ አለኝ፤ ዛሬም ቢሆን አልሠራም፣ ግን ለካ ባዶ የተውኩትን ቦታ ሌላ ሰው ይሞላዋል። ከሁሉ የከፋው እንደገና የምደብቀው ነገር ተሸክሜ ወደ ቤት መሄዴ ነው። ራት አቅርቤ መብላት ጀመርን። ቲጃኒ ፊልሙ መቼ ይመጣ ይሆን አለኝ። አላህ ያውቃል አልኩት።

መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው አዳራሽ። ሳልህ ብሶብሃል፣ ሌላ ቀን እንሂድ ብዬ ብለምነው፣ ልጄ ጠርቶኝ ልቅር ወይ አለኝ። የዒድ ጀለቢያውን ለበሰ። ሸምሰዲንንና ሌሎቹን የመቀሸሪያ ጓደኞቹን ጠርቷል፤ ከፊት ረድፍ ተደርድረን ተቀመጥን። መንገዱን ሁሉ ልንገረው ልንገረው እያልኩ ነው የመጣሁት። ፊቱን ሳይ አቃተኝ።

መብራቱ ጠፋ። መቀሸሪያው መጣ፣ ጆንያው መጣ፣ ዩምና በሩን ስትደበድብ መጣች። ያ ማሽን የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያስነሳሁት አለ ቲጃኒ በጆሮዬ። ከዚያ ከገለባው ክምር ውስጥ አንድ ነገር ፈንድቶ ወጣ። ቀያይ ዓይን አለው፣ እስከ ጆሮው የተቀደደ አፍ አለው። በአራት እግሩ ግድግዳውን ሮጦ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ተንጠለጠለ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፣ ጩኸቱ ወደ ሳቅ ተለወጠ፣ ከዚያ ፉጨትና ጭብጨባ ሆነ።

ሸምሰዲን ጎንበስ ብሎ "አንተ የታለህ?" አለው።

"ቆይ" አለ ቲጃኒ። "እኔ ቀስ ብዬ ነው የምመጣው።"

ጠበቀ። ያ ነገር በሮጠ ቁጥር ይኼ ሌላኛው ነው፣ ሁለት ሳያደርጉት አልቀሩም ይለናል። ትንፋሹን ጠበቀ፤ የሚሰማው የአውሬ ማጉረምረም ነው። ዩምና ከማሽኑ ኋላ ተደብቃ ትንፋሿን የያዘችበት ቦታ ሲደርስ ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ያዘ። ያ እንባዋ እውነተኛው እንባ ነው፣ እዚያ ቆሜ አይቼዋለሁ። በብናኙ ውስጥ ከሩቅ ጥላ ታየ። ጥላው በእጁና በእግሩ ወደቀና እንደ ውሻ ሮጦ መጣ። ቲጃኒ እጁን ከክንዴ ላይ አነሳ።

እስከ መጨረሻው ግን አልተነሳም። መብራቱ በራ፣ ሰው እየተጋፋ ወጣ። ሸምሰዲን ከሌሎቹ ጋር ቀድሞ ወጣ። ሁለታችን ቀረን።

"ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድኩ። ነጭ የቀረውን መጋረጃ ሲያይ ቆየ።

"እኔ ግድ የለም፣ ሽማግሌ ነኝ" አለ። "ያጠፉት ልጁ ያየውን ነው።"

ተነሳን። ውጭ ፀሐይ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ልጆች አባ ገለባን መጫወት ጀምረዋል፤ በእጅና በእግራቸው እየሮጡ፣ ጥርሳቸውን እያገጠጡ እርስ በርስ ይባረራሉ። ቲጃኒ ደረጃውን ወረደ። ቀኝ እግሩን አስቀደመ፣ ቆመ፣ ግራ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ፣ ግራ እግሩን ጎተተ። በመካከላቸው አለፈ። አንድም ልጅ ቀና ብሎ አላየውም።